የብረት ታንኳዋ ስፌት

ያን ቀን ከሐይቁ ዳር የነበርነው እነዚህ ነን፤ ጣሊያኑ በያጅ፣ ከአስመራ አብሮት የመጣው መካኒክና አስተርጓሚ፣ በከተማው ፋኖስና ማንቆርቆሪያ የሚበይደው የየመን ዓረብ፣ ከአንበሳሜ የተጠራው ቀጥቃጭ፣ የወደቡ ሹም የነበረው ሌላው ጣሊያን፣ ታንኳ ሠሪው ባሌ፣ የባሌ እናት፣ የበኩር ልጄ፣ እኔና በጀርባዬ ያዘልኋት ትንሿ ሴት ልጄ። ጠባቂ ወታደርና ከሩቅ ቆሞ የሚያይ ሰው አልጠፋም። ነገሩን ከቅርብ ያየነው ግን እኛ ነን። ስማቸውን ሳልጠራ አንድ ባንድ የምቆጥራቸው በከንቱ አይደለም። ሁላችንም ዓይን ነበረን፤ ሁላችንም አየን። ልጄ ሲታሰር ግን አንዳችንም ያየነውን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ይኼ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ስለ ብረት የማውቀው የለም። ትምህርቴም ጥቂት ዓመት ፊደል ከመቁጠር አላለፈም። የምጽፈው ያየሁትን ነው።

ጣሊያን ባሕር ዳር ከገባ በኋላ ነው። ጣሊያኖቹ ዕቃና ሰው ወደ ጎርጎራ የምታሻግር ትልቅ የብረት ጀልባ ፈለጉ። ጀልባዋ ሙሉዋን አልመጣችም። በየላሜራው ተለያይታ፣ በመራዊ መንገድ በካሚዮን ተጭና መጣች። ካሚዮኖቹም ያራገፏት ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ባሌ ለታንኳ የሚሆነውን ደንገል ከሚያደርቅበት ሜዳ ላይ ነው። ማንም አልጠየቀንም። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ደንገሉን ወደ ጓሮ ሲያግዝ አማቴ ከደጃፍ ሆነው ጮኹ።

«ቤቱንስ ወዴት እናግዘው? እሱንም የብረት ማድረቂያ እንዳያደርጉት!»

«እማ፣ ዝም በይ» አለ ባሌ።

«ዝም ብለን ነው እዚህ የደረስነው!» አሉ።

መንገዱ መጥፎ ስለነበር ከላሜራው ብዙው ተጣሞ ነበር የደረሰው። ከጣሊያኑ በያጅ ጋር ይመጣሉ የተባሉት ሠራተኞችም ሌላ ቦታ ቀሩ። ስለዚህ ሹሙ በአካባቢው ብረት የሚያውቅ ሁሉ እንዲመጣ አዘዘ። ቀጥቃጩ የተጣመመውን በከሰል እሳት እያሞቀ ሊያቃና መጣ። ዓረቡ የነዳጅ ማስቀመጫውንና ቀጫጭን ቧንቧዎቹን በቆርቆሮ ብየዳው ሊይዝ መጣ። የአስመራው ሰው የሞተሩ ኃላፊ ነበር። ትልቁ ስፌት ግን የጣሊያኑ በያጅ ሥራ ነበር። ስፌት የምንለው እኛ የሐይቁ ሰዎች ነን፤ ላሜራ ከላሜራ በእሳት የሚያያዝበትን መስመር ማለታችን ነው። ጣሊያኑ ሌላ ስም ነበረው፤ የአስመራው ሰውም እንደዚሁ።

ልጄ እዚህ ሥራ ውስጥ የገባው በአፉ ነው። ጢሙን ያወጣ፣ ልድረው የማስብለት ጎልማሳ ነበር። እኛም እንደ ዓረቡ እስላሞች ነንና፣ ከሱቁ ሲሠራ ስላደገ ዓረብኛ እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ዓረቡ ደግሞ ይኼን ሁሉ ዘመን ባሕር ዳር ኖሮ ከገበያ አማርኛ ያለፈ አያውቅም። ስለዚህ ጣሊያኑ ለአስመራው ሰው በጣሊያንኛ ይናገራል፤ የአስመራው ሰው ለልጄ ባማርኛ ያቀብላል፤ ልጄ ለዓረቡ በዓረብኛ ይነግራል፤ ቀጥቃጩ ደግሞ አማርኛውን መንገድ ላይ ይጠልፈዋል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። አንድ «መዶሻ አቀብለኝ» ለመባባል የሚፈጀውን ጊዜ ያየ ሰው፣ ጀልባዋ በዚያ ዓመት ውኃ ትነካለች ብሎ ተስፋ አያደርግም።

እየዋለ እያደረ ልጄ ከአፍ ወደ እጅ ተሻገረ። ጣሊያኑ እጁ የማይንቀጠቀጥ መሆኑን አየና እሳቱን ያስይዘው ጀመር። ውኃ ሲነካው የሚፈላ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ድንጋይ ነበራቸው። ከእሱ የሚወጣው ጋዝ በጎማ እየሄደ በናስ አፍ ጫፍ ላይ ሰማያዊ እሳት ይሆናል። በዚያ እሳት ብረቱን እንደ ሰም ያቀልጡታል። እኔ እሳቱን አልፈራሁትም፤ የፈራሁት ብርሃኑን ነው። ጥቁሩ መነጽር ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ የጣሊያኑ፣ አንዱ የአስመራው ሰው። ልጄ የአስመራውን ሰው መነጽር ሲያገኝ ያደርጋል፤ ሳያገኝ ዓይኑን አጥብቦ ይሠራል። ማታ ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው እየወረደ ሲገባ ጥጥ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከርሁ ዓይኑን እሸፍንለት ነበር።

«ነገ መነጽር ካልሰጡህ እንዳትይዝ» እለዋለሁ።

«እሺ።»

«እሺ ትላለህ እንጂ!»

«እናቴ፣ ስፌቱ ሲያምር ብታዪው እኮ» ይለኛል። እኔ ስለ ዓይኑ ስናገር እሱ ስለ ስፌት ይመልሳል።

እንግዲህ ያን ቀን የሆነው ይኼ ነው። የጀልባዋ ጎንና ጎን አልቆ ነበር። የቀረው የሆድዋ ስፌት ነው፤ የቀኙ ላሜራ በግራው ላይ ተደርቦ በብሎን ተይዟል፤ ጣሊያኑ ጫፍ ጫፉን በሞረድ አጥርቶ እንደ መስተዋት አብርቶታል። ብየዳው ለማግሥቱ ጠዋት ተቀጥሯል። ፀሐዩ የግንቦት ፀሐይ ነው። ባሌ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ወደ አስመራው ሰው ጠጋ ብሎ «ሳትቀባ ውኃ ላይ አትወርድም» አለው።

በባሌ ቤት አዲስ ታንኳ ከመውረዱ በፊት የታንኳ ሠሪው እናት፣ እናት ከሌለችው ሚስቱ፣ ቅቤ ትቀባዋለች። ታንኳ ሲቀባ ደግሞ አፍንጫው አይደለም የሚቀባው፤ ደንገሉ ከደንገሉ የታሰረበት ነው። ውኃ የሚፈታው እዚያ ነውና መባረክ ያለበትም እዚያ ነው።

የአስመራው ሰው ተረጎመ። ሹሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ብረት ቅቤ ምን ያደርግለታል ይላሉ» አለ የአስመራው ሰው።

«ብረት ብትሆንስ? ውኃው እኮ ያው ውኃችን ነው» አሉ አማቴ፤ ቅቤውን በቅል ይዘው ቀድመው ቆመዋል።

ሹሙ ፎቶ ማንሻውን ከቤቱ አስመጣ። አማቴ ጀልባዋን ዞሯት፤ ግራ ገባቸው። «ይቺስ የታሰረችው የቱ ላይ ነው?» ብለው ልጄን ጠየቁት። ልጄ እየሳቀ ጎንበስ አለና በጣቱ የሆድዋን ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳያቸው። አማቴ ደግሞ ነገር ሲይዙ አጥብቀው ነው። ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ ነበር፤ በሁለቱ ላሜራ መካከል እያፈሰሱ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ «ጥበቂ፣ አትፈቺ» እያሉ መረቁ። ከላይ የቀረውን በመዳፋቸው ጠርገው ጠርገው ብረቱን እንደነበረ አደረጉት፤ የቅቤ ትራፊ ውሻ ሲልሰው አይወዱም።

ከዚያ «የሠራውም ይቀባ» አሉ። ጣሊያኑ በያጅ ባርኔጣውን አውልቆ አጎነበሰላቸው። መላጣ ነው። አናቱን በቅቤ ሲያሹት አንድ ነገር አለ።

«እማማ፣ እናቴን ይመስላሉ ይላል» አለ የአስመራው ሰው።

«እናቱ ይኼን መላጣ አይታ ታውቃለች?»

ቀጥቃጩ ሳቀ፤ ዓረቡም ልጄ ሲነግረው ሳቀ፤ የሳቁን ምክንያት ጠይቆ ጣሊያኑም ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። ያን ያህል ደስ ብሎን የዋልንበት ቀን በዚያ ሥራ አልነበረም።

በማግሥቱ እሳቱ ስፌቱን ሲነካው ብረቱ ተንጨረጨረ። ጥቁር ጭስ ወጣው፤ የቀለጠውም ወደ ልጄ ፊት ተፈናጠረ። ጣሊያኑ ተራገመና መስመሩን እሱና ልጄ እየተቀባበሉ እንደምንም ጨረሱት። ሲቀዘቅዝ ስፌቱን አየሁት፤ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ጀልባዋን በውስጥ ውኃ ሞሏትና ከሥር ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ከየቀዳዳው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ሞርደው ጣሉትና እንደገና ከላይ በየዱት። እንደገና ፈላ። ለሦስተኛ ጊዜ በየዱት፤ ከፊቱ ባሰ። ከዚህ በኋላ ሥራው ቀርቶ ክርክር ሆነ። እኔ ውኃ ሳመላልስ እሰማቸዋለሁ።

«ድንጋዩ ረጥቧል ይላል፤ ጋዙ ቆሻሻ የሆነው ለዚህ ነው። ድንጋዩን ያስቀመጠው ዓረቡ ነው ይላል» ይላል የአስመራው ሰው።

ልጄ ለዓረቡ ይነግረዋል። ዓረቡ እጁን ወደ ሰማይ ያነሣል። ልጄ ይመልሳል፤ «ወላሂ ጠብታ አልነካውም፣ ጥፋቱ ስፌቱ ላይ የሚያቀልጡት ሽቦ ነው፣ ዝጓል ይላል።»

«ሽቦውን እኔ ነኝ የያዝሁት! ሽቦው ምንም የለበትም በለው!» ይላል የአስመራው ሰው፤ መተርጎሙን ትቶ ለራሱ ይጣላል።

ቀጥቃጩ ከከሰሉ አጠገብ ተቀምጦ «ሁለቱ ላሜራዎች ያንድ እናት ልጆች አይደሉም፤ ያንድ እናት ያልሆነ ብረት አይስማማም» ይላል። ይኼን የሚተረጉምለት ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ «እመት፣ ነገ ከነገ ወዲያ እኮ ‹የቀጥቃጭ ዓይን በላው› ማለታችሁ አይቀርም» አለኝ። እየቀለደ ነው፤ ፊቱ ግን አይቀልድም።

እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየአገራቸው አዋቂ ናቸው። አንዳቸው ያወቁትን ለሌላው ለማካፈል ግን ልባቸው አይከፈትም። ሁሉም የራሱ እጅ ንጹሕ መሆኑን ለማስረዳት ይደክማል። ብረቱን የሚጠይቀው ጠፋ።

በዚያ ሰሞን አርበኞች በየቦታው መንገድ ይቆርጡ ነበርና ጣሊያኖቹ ጥላቸውን ሳይቀር ይጠረጥራሉ። ሹሙ መጥቶ ጀልባዋ ስታነባ አየ። ክረምቱ ሳይገባ ጎርጎራ ትደርሳለች ብሎ ለበላዮቹ አስታውቆ ኖሮ ፊቱ ጠቆረ። «አንድ ሰው ሆን ብሎ እያበላሸ ነው» አለ። በመጨረሻ እሳቱን የያዘ ማን እንደሆነ ጠየቀ። የአስመራው ሰው ተረጎመ። ጣሊያኑ በያጅ መሬት አየ። መልሱን የሰጠው ልጄ ራሱ ነው፤ «እኔ ነኝ» አለ።

ወታደሮቹ እጁን ይዘው ወደ ወደቡ መጋዘን ወሰዱት። የጀልባዋ ጉዳይ እስኪጣራ ይቆያል ተባለ። በጣሊያን ጊዜ «እስኪጣራ» የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ስፌቱ ካልያዘ ልጄ አርበኛ ይባላል፤ አርበኛ ከተባለ መጨረሻው ገመድ ነው። ያዘልኋትን ልጅ ለአማቴ ሰጥቼ ጣሊያኑ በያጅ ዘንድ ሄድሁ።

«ልጄ አላበላሸም በልልኝ» አልሁት የአስመራውን ሰው።

ነገረው። ጣሊያኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ያውቃል፣ እትዬ። ልጅሽ ጎበዝ ነው ይላል። ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ለሹሙ ምን ብሎ ይንገረው?»

«እንግዲያው ምክንያቱን ፈልጉታ! አራት አዋቂ ተቀምጣችሁ!»

ሊፈልጉት ተሰበሰቡ። መሰብሰባቸውን ደስ ብሎኝ አየሁ። ከዚያ ጣሊያኑ ተናገረ፤ የአስመራው ሰው ባማርኛ አለው፤ ቀጥለው ሁሉም ዓረቡን አዩት፤ ዓረቡም እነሱን አያቸው። የሚያገናኛቸው ልጅ መጋዘን ውስጥ ነዋ! ዓረቡ በገበያ አማርኛው «ድንጋይ ደህና፣ ሽቦ መጥፎ» ይላል፤ የአስመራው ሰው «ሽቦ ደህና፣ አንተ መጥፎ» ይለዋል። ይኼው ሆነ የአዋቂዎቹ ሸንጎ። አጠገባቸው ቆሜ ማልቀስ አቃተኝ፤ ቁጣው እንባዬን አደረቀው።

ለልጄ ምግብ ስወስድ ጠባቂው በሩን አይከፍትልኝም፤ በቀዳዳ ነው የምናወራው።

«ዓይንህ እንዴት ነው?»

«ጨለማ ስለሆነ ዐረፈ» አለኝ። ይቀልዳል። ቀጥሎ «ከላይ ከላይ መበየዱ አይረባም በያቸው፤ ብሎኑን ፈትተው ላሜራውን ከውስጥ ይዩት። የሚፈላው ከውስጥ ነው» አለ።

ይኼን ይዤ ተመለስሁ። ጣሊያኑም ለካ እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ ብሎን እየፈታ አገኘሁት። የጋዙ ድንጋይ ሊያልቅ ስለተቃረበ ብረቱን በጋዝ እሳት ማሞቅ አልፈለገም፤ ቀጥቃጩን ጠርቶ በከሰልና በወናፍ ከሥር በዝግታ እንዲያሞቅለት በእጁ አመለከተው። ቀጥቃጩም ያለ አስተርጓሚ ገባው። ወናፉን ይነፋ ጀመር።

እስከዚያ ድረስ የጋዙ ሽታ ሌላውን ሽታ ሁሉ ሸፍኖት ኖሯል። አሁን ጋዝ የለም፤ የከሰል እሳት ብቻ ነው። ብረቱ ቀስ እያለ ሞቀ፤ ከሁለቱ ላሜራ መካከል ቢጫ ነገር ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ሜዳው በሙሉ የተነጠረ ቅቤ ሸተተ። ጣሊያኑ ቀና አለ። ሳያዝዘው እጁ መላጣው ላይ ወጣ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አማቴን አዩዋቸው።

«አዎ፣ ቅቤ ነው» አሉ አማቴ፤ «አጥብቄ ነው የቀባሁት።»

«እማማ! ስንት ጊዜ ስንከራከር እንዴት አይነግሩንም?» አለ የአስመራው ሰው።

«ምኑን ልንገርህ? ፊት ለፊትህ አይደለም የቀባሁት? ይኼ ሰውዬስ አናቱን አጎንብሶ አልሰጠኝም? ሹሙስ ፎቶ አላነሣኝም? ብረት ቅቤ እንደማይወድ ማን ነገረኝ?»

ያሉት እውነት ነበራ። በያጁ ብየዳ ያውቃል እንጂ ቅቤው ለስፌቱ እንደተቀባ አልገባውም፤ ከላይ ተጠርጎ ሲያየው የጨዋታ ነገር መሰለው። አማቴ የቀቡት የት እንደሆነ ያውቃሉ እንጂ ቅባት ያለበት ብረት እሳት ሲነካው እንደሚፈላ አያውቁም። ቦታውን ያሳያቸው ልጄም ገና ጀማሪ ነውና ቅባት ብየዳን ምን እንደሚያደርገው አልተማረም። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነጠላዬን አጣፋሁ። «በሉ እንሂድ፤ ለሹሙ ንገሩልኝና ልጄ ይውጣ» አልሁ።

የአስመራው ሰው ከጣሊያኑ ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተነጋገረ። ከዚያ እኔን ሳያይ «አይሆንም፣ እትዬ» አለኝ።

«ምኑ ነው የማይሆን?»

«ቅቤ ነው ብንለው፣ ማን ቀባው ይላል። እማማን ይወስዳቸዋል። ቦታውን ማን አሳያቸው ይላል፤ ያሳያቸው ልጅሽ ነው። ያን ጊዜ ጥርጣሬው እውነት ይሆንለታል።»

«ሹሙ ራሱ ቆሞ ሲስቅ አልነበረም?»

«የሳቀ ሹም ከሁሉ ይብሳል፤ መሳቁን ለመሸፈን ሌላውን ይከሳል» አለኝ። ይኼን ሲል የደከመው ሰው ይመስል ነበር። «ስፌቱ ከያዘ ግን የሚጠይቅ የለም።»

አማቴ «እኔን ይውሰዱኝ! ምን ቀረኝ እኔ!» ብለው ወደ ወደቡ ሊሮጡ ተነሡ፤ ባሌ በሁለት እጁ አቅፎ ያዛቸው። እውነቱ ወጥቶ፣ ሁላችንም ንጹሕ መሆኑን እያወቅን፣ ልጄ እዚያው ተዘግቶበት ይቆያል ማለት ነው። ብረት ስለፈላ ታሰረ፤ ብረት እስኪስማማ ይታሰራል። ማንን ልውቀስ? አንዱን ለመውቀስ ስነሣ ሌላው ይመጣብኛል።

የስፌቱን ቅባት ማውጣት ግድ ሆነ። ጣሊያኑ ቤንዚን ሲጠይቅ ሹሙ ከለከለው፤ መንገዱ ተቆርጦ ካሚዮን ስላልገባ ቤንዚን በጠብታ ነው። እኔና የጎረቤት ሴቶች እንዶድ ወቅጠን፣ አመድ በፈላ ውኃ አጥልለን አመጣንና ላሜራውን ልብስ እንደምናጥብ ፈተግነው። እሱም ብቻውን አልበቃም፤ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ የተደበቀው አልወጣ አለ። ያን ቀጥቃጩ በከሰል እያሞቀ አስለቀሰው፤ ዓረቡ ለቆርቆሮ ማጽጃ በሚጠቀምበት፣ እጅ በሚያቃጥል ውኃ ተከትሎ ጠረገው፤ ጣሊያኑ በሞረድ ጨረሰው። አሁን ክርክር የለም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይረከባል፤ ያኔ መጀመሪያ እንዲህ ቢሆኑ ኖሮ እያልሁ ከንፈሬን ነክሼ አየኋቸው።

ለብየዳው ቀን ጣሊያኑ «የዓረብኛው አስተርጓሚ ካልመጣ ዓረቡን ማዘዝ አልችልም» ብሎ ለሹሙ ነገረው። ይኼ ብልሃቱ ነበር። ልጄን በወታደር መካከል አመጡት። ቀጥኗል። ጣሊያኑ የራሱን መነጽር ከፊቱ አውልቆ ለልጄ ሰጠውና እሳቱን አስያዘው። እኔ ከውኃው ዳር ተቀምጬ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርሁ። የብየዳውን ድምፅ ብቻ አዳምጣለሁ። መንጨርጨር ከሰማሁ ልጄ አለቀ። አልሰማሁም። እንደ ጨርቅ መቅደድ ያለ አንድ ወጥ ድምፅ ብቻ ነበር።

ውኃ ሞሏት። ሹሙ ራሱ ከሥር ገብቶ በመዳፉ ዳሰሰ። እጁን አውጥቶ አየው፤ ደረቅ ነው። ያን ጊዜ አልሐምዱሊላህ ብዬ መሬቱን ሳምሁ።

«ይኼን ማን በየደው?» ብሎ ሹሙ ጠየቀ።

ጣሊያኑ በያጅ በጎ ያደረገ መስሎት የልጄን ትከሻ ያዘና ወደ ፊት ገፋ አደረገው። ፊቱ ላይ የአባት ኩራት ነበር። ሹሙ ልጄን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ተናገረ። ወደ አስመራው ሰው ዞርሁ።

«ምን አለ? ለቀቀው?» አልሁ።

«ለቆታል፣ እትዬ። ግን ከጀልባዋ ጋር ይሄዳል አለ። ጎርጎራ ወደብ ብትሰበር የሚጠግን ያስፈልጋል።»

«ጣሊያኑ አለ አይደለም?»

«እሱ ወደ ሌላ ሥራ ይላካል። እኔና ልጅሽ ነን የምንሄደው።»

ስፌቱ ቢያነባ ልጄ ይሰቀላል ብዬ ስሰጋ፣ ባያነባ ይወሰዳል ብሎ የነገረኝ የለም። ወደ ጣሊያኑ ሄጄ «ባልጠቆምኸው ምን ነበረበት!» አልሁት ባማርኛ። አልገባውም። ፈገግ ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

ልጄ ሄደ። መጀመሪያ መጀመሪያ ጀልባዋ ስትመላለስ ይመጣ ነበር፤ ከቤት አድሮ ይሄዳል። በመጣ ቁጥር ዓይኑን ወደ ብርሃን አዙሬ አየው ነበር፤ ነጩ ቀይ እየሆነ ሄዷል፤ መነጽሩስ ስለው ተሰበረ አለኝ። እዚያ የሚሠራው ብዙ እንደሆነ፣ የአስመራው ሰው እንደ ወንድም እንደሚያየው፣ አሁን ያለ አስተርጓሚ ከጣሊያኖቹ ጋር እንደሚግባባ ነገረኝ። አባቱ «ተመለስና ታንኳ እንሥራ» ሲለው ተነሥቶ ወደ ጀልባዋ ሄደ። እንዲኮበልል እኔም መክሬዋለሁ፤ «ከኮበለልሁ እናንተን ነው የሚይዙ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ጣሊያን ሊወጣ ሲቃረብ፣ ከባሕር ዳር ወታደሩ ሲለቅቅ፣ ጀልባዋ ሰውና ዕቃ ጭና ወደ ጎርጎራ ሄደች። ልጄ ሞተሩ ዘንድ ቆሞ ነበር። እጁን አነሣልኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ጎርጎራ ተይዞ ሰላም ሲሆን ባሌ በታንኳ ሄዶ ጠየቀ፤ ያገኘው ነገር የለም። አንድ የወረታ ነጋዴ «ከአስመራው ሰው ጋር ወደ አስመራ ወረደ» አለን። ሌላው «በሱዳን መንገድ ከምርኮኞች ጋር አይቼዋለሁ፤ በሰው እጅ ተይዞ ነበር የሚሄድ» አለን። ይኼኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ ነሣኝ፤ በሰው እጅ የተያዘው ታስሮ ነው ወይስ ዓይኑ ጠፍቶ? ነጋዴው አላስተዋለም።

ልጄ ረጅም ነው፤ ቀይ ዳማ። በግራ እጁ አውራ ጣት ላይ የእሳት ጠባሳ አለው። አማርኛ፣ ዓረብኛና ጣሊያንኛ ይናገራል፤ ብየዳ ይችላል። በአስመራም ሆነ በምፅዋ፣ በከሰላም ሆነ በሌላ አገር ያየው፣ ወይም የዚያን የአስመራ መካኒክ መድረሻ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ በሕይወት አለም እንደሆነ፣ የለም እንደሆነ፣ ያይም እንደሆነ፣ አያይም እንደሆነ፣ ያወቀውን ሁሉ ወደ ባሕር ዳር እንዲልክልኝ እለምናለሁ።